ማደያው ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ ቅጠል

ወገን፣ ዛሬስ አላስቻለኝም፣ ልተንፍሰው።

እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር ፓምፑ ላይ የተለጠፈች አረንጓዴ ቅጠል ታፈጥብኛለች። ከሥሯ «10% ኢታኖል» ይላል። ከበቆሎ የወጣ ነዳጅ ነው፤ ለአየር ንብረት ይበጃል ነው የሚሉን። ሕግ ስለሆነ ያለ እሱ እቀዳለሁ ብትሉም ለተራ መኪና እንደ ልብ አታገኙም።

እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። በሐምሌ አዮዋን ስታቋርጡ ሰዓታት ሙሉ ግራም ቀኝም በቆሎ ነው። በመኸር የጫኑት መኪኖች ፋብሪካው በር ላይ ይሰለፋሉ፤ መስኮት ዝቅ ስታደርጉ የሚገባው ሽታ ልክ አረቄ የሚወጣበት ጓሮ ነው። ሥራውም ያው ነው፦ ይፈጫል፣ ይብላላል፣ ይፈላና እንፋሎቱ ይጠራቀማል። እናቶቻችን በማገዶ ያወጡታል፣ እነዚህ በተፈጥሮ ጋዝ። የእርሻው ማዳበሪያም የሚሠራው ከዚያው ጋዝ ነው። ከተበተነ በኋላ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፤ ይህ ደግሞ ኪሎ በኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ቅጠሏ ይህን መቼ ነገረችን?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ የኢታኖሉን ግዴታ ካሰፋው ወዲህ ከአገሪቱ በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ነዳጅ ይሄዳል። ዋጋው ሲወደድ ገበሬው ምን ያድርግ? ጦም ያደረውን ሣር መሬት ገለበጠው። ሣሩ ለዘመናት አፈር ውስጥ ያከማቸው ካርቦን ወደ ሰማይ ወጣ። በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ሣር ምድር ታርሶ የኢታኖል በቆሎ ቢዘራበት የካርቦን ዕዳውን ለመክፈል 93 ዓመት ይፈጃል ብሏል። ዘጠና ሦስት! እኔም ልጆቼም አፈር ከሆንን በኋላ ማለት ነው። በ2022 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሁሉን ደምረው ሲያሰሉት የበቆሎ ኢታኖል ከቤንዚን እንደማይሻል፣ እንዲያውም ቢያንስ 24% ሳይብስ እንደማይቀር ጻፉ። ባለ ፋብሪካዎቹ አይቀበሉትም፤ እንጀራቸው ነውና።

«በቆሎው እኮ የከብት ነው፣ ሰው አይበላውም» ይሉኛል ባልደረቦቼ። እውነታቸውን ነው፣ ጠብሰን የምንበላው እሸት አይደለም። አተላውም ተመልሶ ለከብት መኖ ይሆናል፣ አልክድም። መሬቱስ? እዚህ ለነዳጅ የተያዘው መሬት ያላበቀለው እህል ሌላ አገር ጫካ ተመንጥሮ ይዘራል፤ የዚያ ጫካ ጭስ በማን ሂሳብ ይጻፍ?

ዛሬ 12 ጋሎን ቀዳሁ። ሂሳቡን ስመታው ወደ 11 ኪሎ በቆሎ አለበት። ቤት ቢሆን ስንት ቀን ይበላ ነበር! በዚያ ላይ ኢታኖል ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያነሰ ስለሆነ የተቀላቀለበት ጋሎን ከንጹሕ ቤንዚን ጥቂት ያነሰ ነው የሚያስኬደው። አጠገቤ ያለው ፓምፕ 15% የተቀላቀለበት ነው፣ በጥቂት ሳንቲም ይረክሳል፣ ሰው ተሰልፎበታል። እሱ ላይ ያለችው ቅጠል የመዳፌን ያህል ትሆናለች።