የሕፃኑን እግር አትጠፍንጉት

ስለ ሕፃናት የዳሌ ውልቃት፣ ማለትም የጭን አጥንት ራስ ከዳሌው መገጣጠሚያ ስለ መውጣቱ፣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ችግሩ በሴቶች፣ በበኩር ልጆችና ሲወለዱ በመቀመጫቸው በሚመጡ ልጆች ላይ እንደሚበዛ በደንብ ያስረዳል። ስለ ሕፃን አጠቃለል ግን በአንድ መስመር ነው ያለፈው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

የጎንደር ክረምት ብርዱ አይጣል ነው። አራስ ቤት ገብታችሁ እዩ። የሕፃኑ ሁለት እግር ተገጥሞ፣ ጉልበቱ ተዘርግቶ በነጠላ ጥፍንግ ይደረጋል። «እግሩ እንዲቃና ነው» ይላሉ እናቶቻችን። በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ግን የአራስ ልጅ የዳሌ መገጣጠሚያ ገና ለስላሳ ነው። እግሩ በግድ ተዘርግቶ ሲታሰር የጭኑ አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ይህን እንዲተዉ ከተመከሩ በኋላ ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል።

ልጁ አይጠቅለል አላልኩም። ይሙቀው፤ ከወገብ በታች ግን ሰፋ ይበልለት። ጉልበቱን አጥፎ እንደ ልቡ ይፈራገጥ። አንቀልባችንማ ለዚህ ግሩም ነው፤ ልጁ ጭኑን ከፍቶ የእናቱን ጀርባ ያቅፋል።

በመቀመጫዋ የተወለደች ልጅ ካለቻችሁ ለ45 ቀን ክትባት ስትሄዱ «ዳሌዋንም እዩልኝ» በሉ። ዳይፐር ስትቀይሩ አንዱ ጭን እንደ ሌላው አልከፈት ካለ ዝም አትበሉ። ውልቃቱ ሕፃን ላይ ስለማያምም ልጅቷ አታለቅስም፤ ብዙ ቤት የሚታወቀው መሄድ ጀምራ ስታነክስ ነው። ከ6 ወር በፊት ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ጭኗን ከፍቶ በሚይዝ የሕክምና ማሰሪያ ይስተካከላል፤ ከዘገየ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ለአያቶችም ንገሯቸው እባካችሁ። አራስ ቤት ልጁን የሚጠቀልሉት እነሱ ናቸው።