እንኳን ደስ አላችሁ፤ ዲፖዚቴን ግን መልሱልኝ

አየርላንድ ዛሬ፣ ኅዳር 16 ቀን 2025 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቡዳፔስት ላይ ሃንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለመጨረሻው ማጣሪያ፣ አልፋለች፤ እንኳን ደስ አላት። ይህን የምጽፈው ደብሊን በሙሉ አረንጓዴ ለብሶ በሚጨፍርበት በዚህ እሑድ ምሽት፣ ካፖርቴ ላይ የተደፋው ቢራ ገና ሳይደርቅ በመሆኑ፣ ከእኔ ሚዛናዊ አስተያየት የሚጠብቅ ሰው ካለ ሌላ ቀን ተመልሶ ይምጣ። ያ ሰውዬ ዛሬም አልከፈለኝም። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ደግሞ ዲፖዚቴን፣ ማለትም ለቤቱ መያዣ የሰጠሁትን 1,850 ዩሮ፣ ይዞ ያስቀረብኝ የቀድሞ አከራዬ ነው ማለቱ ይበቃል፤ ስሙን ጠቅሼ በስም ማጥፋት ተከስሼ ሌላ 1,850 ዩሮ ለመክፈል አቅም የለኝም።

ቤቱን ለቅቄ ቁልፉን ካስረከብሁ ጀምሮ ስደውል አያነሳም፤ መልእክት ስልክለት ደግሞ «ከጨዋታው በኋላ» የሚል አጭር መልስ ይመጣል። የዚህ ሰው ሕይወት ምን ጊዜም ወይ ከጨዋታ በፊት ነው ወይ ከጨዋታ በኋላ። በዚህ ዓመት በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ የተበላሸው አየርላንድና ፈረንሳይ በስድስቱ አገሮች የራግቢ ውድድር በሚገናኙበት ሳምንት ነበር፤ ደውዬ ስነግረው «ቅዳሜ ፈረንሳይን እንጫወታለን፣ እሑድ መጥቼ አየዋለሁ» አለኝ፤ ቅዳሜ ፈረንሳይ እዚሁ ደብሊን መጥታ 42 ለ 27 አሸንፋ ሄደች፤ እሑድ አከራዬ ሐዘን ላይ ስለነበር አልመጣም፤ እኔም ውኃ በማንቆርቆሪያ እያፈላሁ ገላዬን ስታጠብ ሰነበትሁ። በበጋው ደግሞ የደብሊን የጌይሊክ እግር ኳስ (የአየርላንዶች ባህላዊ ጨዋታ ነው) ቡድን በሩብ ፍጻሜው በታይሮን ተሸንፎ ከውድድሩ ሲወጣ የልብስ ማጠቢያው መሣሪያ ጉዳይ አብሮ ከውድድሩ ወጣ። በዚህች ከተማ አዲስ ተከራይ በወር በአማካይ ከ2,000 ዩሮ በላይ እንደሚከፍል እያወቅሁ ምን አፍ ኖሮኝ ልከራከር? «ካልተስማማህ ልቀቅ» እንዳይለኝ እየፈራሁ ሻጋታ የወረሰውን የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ራሴ በክሎሪን እየፈተግሁ ኖርሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ነገሩ የተለወጠ መሰለ። የአየርላንዱ አጥቂ ትሮይ ፓሮት በፖርቱጋል ላይ ሁለት ጎል አስቆጠረ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በክርኑ ተማትቶ በቀይ ካርድ ወጣ፣ አከራዬም በደስታ ሰክሮ ነው መሰለኝ በገዛ እጁ መልእክት ላከልኝ፦ «እሑድ ፐብ ና፣ ጨዋታውን እያየን እንደ ወንድ ልጅ ተቀምጠን እንጨርሰዋለን» አለኝ። እኔም ሞኙ ተራዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ፣ የኪራይ ውሉን ቅጂ በፌስታል ይዤ ሄድሁ። በዚያ ፐብ ውስጥ ሰነድ ይዞ የገባ ብቸኛው ደጋፊ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ገና በሩን ከፍቼ ስገባ «ይኸውላችሁ ኢትዮጵያዊው ተከራዬ! ሯጭ ነው!» ብሎ ለጓደኞቹ አስተዋወቀኝ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ በየመታጠፊያው የማርፍ ሰው መሆኔን ለምታውቁኝ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንዱ ለረሃባችን ገንዘብ ስላሰባሰበው አየርላንዳዊ ዘፋኝ ስለ ቦብ ጌልዶፍ ጀመረ፤ ያንን ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው እዘለዋለሁ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የአየርላንዷ ሶኒያ ኦሱሊቫን በ5,000 ሜትር ከሮማኒያዋ ጋብሪየላ ሳቦ ጋር ያደረገችውን ትንቅንቅ አነሡ፤ ሶኒያን ተከትላ ነሐሱን የወሰደችው የእኛዋ ጌጤ ዋሚ መሆኗን ስነግራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። በዚያ ቤት እንደ ሰው የተቀበሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እድሜያቸውን ያርዝምልኝ።

ጨዋታው እስኪጀምር ድረስ ወሬው ወደ ፖለቲካ ዞረ። አየርላንዳውያን ስፖርትና ፖለቲካን ለያይተው ማውራት አይችሉበትም፤ ፓርቲዎቹም አይችሉበትም። ጃክ ሊንች ከ1941 እስከ 1946 በተከታታይ ስድስት የመላው አየርላንድ ሜዳሊያ፣ አምስቱን ኸርሊንግ በሚባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ አንዱን በጌይሊክ እግር ኳስ፣ ወስዶ ሲያበቃ ነው የፊያና ፎል ፓርቲ ፓርላማ አስገብቶት ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፓርቲው ዋንጫን እንደ ትምህርት ማስረጃ ሳይቆጥረው አልቀረም። ዘንድሮም ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው በምርጫ ሥልጣን ይዞ የማያውቀውን፣ ነገር ግን ያንኑ የደብሊን የጌይሊክ ቡድን ከ2013 እስከ 2019 ስድስት ጊዜ፣ የመጨረሻዎቹን አምስቱን በተከታታይ፣ ሻምፒዮን ያደረገውን አሰልጣኝ ጂም ጋቪንን ነበር። የቀረውን ታስታውሳላችሁ፦ በ2009 የጋቪን ተከራይ የነበረ ሰው በስህተት አብልጦ የከፈለው 3,300 ዩሮ እንዳልተመለሰለት ተሰማ፤ ጋቪንም ስህተት መሥራቱን ገልጾ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከውድድሩ ወጣ፤ ስሙ ግን ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ሊወጣ ስላልቻለ ውድድሩን ትቶ የሄደው ሰው ከ100 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። ካትሪን ኮኖሊ ከመቶ 63 በላይ አግኝተው ባለፈው ማክሰኞ በፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ለጋቪን ድምፅ ከሰጡት ከእነዚያ ከመቶ ሺዎቹ አንዱ፣ አከራዬ፣ ታዲያ ፊት ለፊቴ ጊነስ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል።

«ለዚህች ከተማ ስድስት ዋንጫ ያመጣ ሰው በ3,300 ዩሮ ሲዋረድ አየህ?» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም። «እኔ ወጣም አልወጣም ድምፄን የሰጠሁት ለእሱ ነው። አስበው፣ 16 ዓመት ያለፈው ነገር! ከ16 ዓመት በኋላ ያችን ገንዘብ ማን ያስታውሳታል?»

«ተከራዩ ያስታውሳታል» አልሁት።

ወገኖቼ፣ ይህን ያልሁት ለነገር ፈልጌ አልነበረም፤ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስሁ። ጓደኞቹ ግን በሳቅ ፈረሱ፤ አንደኛው ጠረጴዛውን እየደበደበ «ያዘህ! ያዘህ!» ይለው ጀመር። አከራዬ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «ዲፖዚቱን የያዝሁት እኮ በምክንያት ነው፤ መጋረጃዎቹ በሙሉ የምግባችሁ ሽታ ገብቶባቸዋል፣ አዲሱ ተከራይ ማማረር ጀምሯል፣ ልብስ ንጽሕና ቤት ላስገባቸው ነው» አለኝ።

መጋረጃዎቹ! እነዚያ እኔ ስገባ ሻጋታ ሻጋታ ይሸቱ የነበሩትን፣ ከየት ዘመን እንደተረፉ የማይታወቁትን መጋረጃዎች! «እርስዎ ቤቱን ሲረከቡኝ ዞረው አይተው ምንም አላሉም፤ ሕጉም ከተራ አጠቃቀም ያለፈ ጉዳት ከሌለና የኪራይ ዕዳ ከሌለብኝ መያዣውን መመለስ አለብዎት ይላል» ብዬ ፌስታሌን ስከፍት፣ እሱ «እርስዎ» እያልሁ እንደማከብረው በምን ይወቅ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አሁን መዝሙር ነው፣ ተነሥ» አለኝ። ተነሣሁ። ውሌን በእጄ ይዤ የአየርላንድን ብሔራዊ መዝሙር በክብር ቆሜ ሰማሁ። የበርበሬ ሽታ የሚያስከስስ ወንጀል መሆኑን በተማርሁበት ደቂቃ መዝሙር ማድመጤ ያስቀኝም ያናድደኝም ጀምሯል።

ኋላ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው ትክክለኛው መልስ የመጣልኝ፤ እዚያ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት! ይህ 16 ዓመት ያለፈውን ነገር ማን ያስታውሳል የሚል ሰው፣ እኔ የአርሰናል ደጋፊ መሆኔን ባወቀበት ቀን የመጀመሪያ ንግግሩ ስለ ቲየሪ ሄንሪ እጅ ነበር። ያ እጅ መቼ ነው ኳሷን የነካው? ኅዳር 18 ቀን 2009 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ፓሪስ ላይ! የፈረንሳዩ ሄንሪ ኳሷን በእጁ አመቻችቶ አቀብሎት የቡድን ጓደኛው ዊሊያም ጋላስ በጭንቅላቱ ያስገባት ያች ጎል አየርላንድን ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ አስቀረች፤ ተከራዩ 3,300 ዩሮውን አብልጦ የከፈለውም በዚያው ዓመት ነው። የእጁ በደል ከነገ ወዲያ ልክ 16 ዓመት ይሞላዋል፤ እስከ ዛሬ በየፐቡ በየታክሲው ትናንት እንደተፈጸመ ያወሩታል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳይቀር ሄንሪ ሌባ መሆኑን ተምሮ ነው የሚያድገው። እኔስ በአርሰናል ዘመኑ ያመለክሁትን ሰው ሲሰድቡት ቤት እንዳላጣ ብዬ ስንቴ አንገቴን ደፍቻለሁ! ያኔ የአየርላንድ እግር ኳስ ማኅበር 33ኛ ቡድን ሆነን ዓለም ዋንጫ እንግባ ብሎ ፊፋን እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር፤ ያ ባይሳካም በፍርድ ቤት እንዳይከስ ፊፋ 5 ሚሊዮን ዩሮ እንደሰጠው የማኅበሩ የወቅቱ ኃላፊ ጆን ዴላኒ በ2015 በራሱ አንደበት ተናግሯል። ልብ በሉ፤ ለተሰረቀች ጎል 5 ሚሊዮን ካሳ ተከፍሏል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን የእኛን ተረት እነዚህ ሰዎች ከእኛ በላይ ይኖሩታል፤ የተወጋው ተከራይ ሲሆን ብቻ ነው «ያለፈ ነገር» የሚሆነው። ጋቪን እንኳ ይሻላል፤ ስህተት ነው ብሎ ወጣ። የእኔው ሰውዬ መጋረጃ ያጣቅሳል።

ወደ ፐቡ ልመለስ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ሃንጋሪዎች በሦስተኛው ደቂቃ አገቡ፤ ፓሮት በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ሃንጋሪዎች እንደገና መሩ። በእረፍት ሰዓት ላነሣበት አስቤ ስጠጋው «2 ለ 1 እየተመራን ስለ ገንዘብ ታወራኛለህ?» ብሎ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው በለቅሶ ቤት ዕዳ የተጠየቀ አስመሰለኝ። በ80ኛው ደቂቃ ፓሮት ሁለተኛውን ሲያገባ ደግሞ ልቡ ሊቆም ስለደረሰ መጠየቁ ለነፍስ ያሰጋ ነበር። አቻ ውጤት ሃንጋሪን ነው የሚያሳልፈው። የባከነው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ በ96ኛው ደቂቃ፣ ግብ ጠባቂው ኬለሄር ከሩቅ የላካትን ኳስ ሊያም ስኬልስ በጭንቅላቱ ገፋ አደረጋት፤ ፓሮትም እግሩን ዘርግቶ አስገባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ጣሪያው የተነሣ መሰለኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ሳሙኝ። ያ ከሰሜን ደብሊን መሀል ከተማ የወጣ ልጅ በቴሌቪዥን ሲያለቅስ ጎልማሶቹ ሁሉ አብረውት አለቀሱ፤ ከ2002 ወዲህ ዓለም ዋንጫ ያላዩ ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ጮኼአለሁ። በዚህ መካከል አከራዬ አንገቴን አንቆ ግንባሬን ሳመኝ፣ ግማሽ ፒንት ቢራ ካፖርቴ ላይ ደፋ፣ «ዛሬ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ሰው አየርላንዳዊ አይደለም!» ብሎ በጆሮዬ ጮኸ። እኔማ አይደለሁም፤ ፓስፖርቴ ላይ ተጽፏል። ይህን ልነግረው ስዞር ከሚዘፍነው ሕዝብ ጋር ወደ ጎዳናው ወጥቷል። ኮቱ ወንበሩ ላይ ስለቀረ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ ኮቱን የወሰደው ጓደኛው ነው፤ የሁለት ጊነስ ሒሳቡንም አስተናጋጇ ለእኔ አመጣችው። ከፈልሁ። አዎ፣ ከፈልሁ፤ አትሳቁ።

ቤት እንደገባሁ ከእሱ መልእክት ደረሰኝ፤ ሦስት አረንጓዴ ልብ፣ አንድ የቢራ ብርጭቆ፣ ከሥሩም «የፕሌይኦፉ ዕጣ ሐሙስ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ እናወራለን» ይላል። ጨዋታው ያለው መጋቢት ላይ ነው። ከዕጣው በኋላ ከጨዋታው በፊት፣ ከጨዋታው በኋላ ከዓለም ዋንጫው በፊት እያለ እስከ ሐምሌ እንደሚወስደኝ አውቄዋለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ሌሊቱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቦርዱን የአቤቱታ ቅጽ ስሞላ አድራለሁ። ውሉ አለኝ፣ የባንክ ደረሰኙ አለኝ፣ በለቀቅሁበት ቀን ያነሣኋቸው የየክፍሉ ፎቶዎች አሉኝ። በፎቶ ሽታ አለመኖሩን እንዴት እንደሚያስረዱ የምታውቁ፣ በተለይ ደብሊን ያላችሁና በዚህ ቦርድ ያለፋችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ «ጨዋታውን አየኸው ወይ?» ብሎ የሚጽፍልኝን ግን ብሎክ አደርገዋለሁ።