ዝግጅት ወንጀል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሰሞኑን የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ አንድ መሥሪያ ቤት ያለፉ ዓመታት የመግቢያ ፈተና ጥያቄዎችን ከድረ ገጹ አነሳ። የፈተናው የይዘት ዝርዝርም አብሮ ጠፋ። ለምን ተብለው የተጠየቁት ኃላፊ የሰጡት ምላሽ ከውሳኔው ይብሳል። ብቁ ሰው ዝግጅት አያስፈልገውም፣ ዝግጅት የሽምደዳ ሌላ ስሙ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ተፈጥሯዊ ችሎታ ነው ብለው አረፉት። አጨብጫቢም አላጡም። ከአስጠኚዎች ገበያ ተገላገልን እያሉ የሚያመሰግኗቸውን አየሁ፣ አንብቤም ለሁለት ቀን ያህል ሆዴ አልረጋልኝም።

እስቲ ይህን ተፈጥሯዊ ችሎታ የተባለውን ነገር እንየው። ፈተናው የሚጠይቀው ምንድን ነው? የሕገ መንግሥት ድንጋጌዎችን፣ የበጀትና የግዥ አሠራርን፣ ሠንጠረዥ አንብቦ ማስላትን፣ ረጅም ሰነድ በአንድ ገጽ ማሳጠርን። ከእነዚህ አንዱን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ ሰው ካለ ይቅረብና እንየው። ፋይሉን ሳያገላብጥ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ችሎታዬ ተፈጥሯዊ ነው ቢል ደንበኛው ውክልናውን የሚነሳው በዚያው ቀን ነው። ይህ ፈተና የሚያስገባው ሥራ ደግሞ ከፋይል ጋር መዋል ነው፤ ከስብሰባ በፊት ሰነዱን አንብቦ መምጣት፣ መመሪያው ምን እንደሚል ባለጉዳዩ ሳይጠይቅ ማወቅ ነው። በአጭሩ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ተዘጋጅቶ የመጣውን በጥርጣሬ ዓይን ያያል። ከዚያ ሳይዘጋጅ የሚመጣ ሠራተኛ በዛ ብሎ ሲያማርር የሚሰማውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኃላፊው ጥያቄዎቹን የደበቁ ይመስላቸዋል። አልደበቁም። የሠሩት ሥራ ቢኖር ማን እንደሚያያቸው መምረጥ ነው። ፈተናውን ያወጣ ባለሙያ አለ፣ ያረመ አለ፣ ያተመ አለ። አምና ያለፈው ተፈታኝ ዛሬ እዚያው መሥሪያ ቤት ወንበር ይዟል፤ እሱም ወንድም አለው፣ የአክስት ልጅ አለው፣ አብሮ አደግ አለው። አንድ ሕግ ሳይጥስ፣ አንድ ወረቀት ሳያወጣ፣ ሕጉ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፋ፣ ሰው የሚወድቀው ሠንጠረዦቹ ላይ ነው ይለዋል። ይህች አንዲት ምክር የሁለት ወር ንባብ ታተርፋለች። ውስጥ አዋቂ ዘመድ ያለው በነፃ ያገኛታል። ገንዘብ ያለው፣ ካለፈው ዙር ተፈታኞች ጥያቄ እየለቀመ ከሚሸጥ አስጠኚ ይገዛታል። ሁለቱም የሌለው ግን ከሥራ መልስ ማታ ማታ መብራት ሥር ተቀምጦ፣ የትኛው መጽሐፍ ስንተኛው ገጽ እንደሚጠቅመው ሳያውቅ ሁሉንም ያነባል። ፈተናው ላይ ሦስቱም አንድ አዳራሽ ይገባሉ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይታደላቸዋል፣ ውጤቱ ሲለጠፍ ደግሞ ኃላፊው ተፈጥሯዊ ችሎታን ለካን ይሉናል።

የአሮጌ ጥያቄ ጥቅም መልስ መሸምደድ የሚመስለው ሰው ፈተና ተቀምጦ የማያውቅ መሆን አለበት። አሮጌውን ጥያቄ እንደገና የሚያወጣ ከሌለ መልሱን መሸምደድ ምን ይሠራል? ተፈታኙ የሚፈልገው የጥያቄውን መልክ፣ የሰዓቱን አጣብቂኝ፣ የነጥቡን አሰጣጥ ነው። ደግሞም የተማሩትን አሥር ጊዜ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ጥያቄ መመለስ ዕውቀትን እንደሚያጸና በትምህርት ሥነ ልቦና የታወቀ ነገር ነው። ለዚህ ደግሞ ከአሮጌ ፈተና የተሻለ መሣሪያ የለም። ያለ እሱ አጥና ማለት ልኩን ሳይነግሩ ልብስ ስፋ ማለት ነው።

በቁጥር ላስረዳ። አራት አራት ምርጫ ያለው፣ ለተሳሳተ መልስም ለጥያቄው ከተመደበው ነጥብ ሲሶውን የሚቀንስ ፈተና እንውሰድ፤ የሕንድ የመንግሥት አገልግሎት የመጀመሪያ ዙር ፈተና እንዲህ ነው። ምንም የማያውቀውን ጥያቄ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ አያተርፍም፣ አይከስርም፤ ከአራት አንዴ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ሦስቴ ሲሶ ሲሶ ይቀነስበታል። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን ብቻ ስህተት መሆኑን ለይቶ መጣል ለቻለ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከሦስት አንዴ ያገኛል፣ ሁለቴ ይቀነስበታል፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ በአማካይ የአንድ ጥያቄን ዘጠነኛ ያተርፋል። እንዲህ ያሉ 30 ጥያቄዎች ቢገጥሙት ከሦስት ጥያቄዎች በላይ የሚሆን ነጥብ ነው። ቅጣቱን ፈርቶ ሠላሳውንም ባዶ የተወ ጎረቤቱ በዚያው ዕውቀት፣ በዚያው ጭንቅላት ይህን ነጥብ አጣ። በተቀራረበ ውጤት ላይ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ማለት ወንበር ማለት ነው። ታዲያ የተለካው ምንድን ነው? የነጥብ አሰጣጡን ሕግ አስቀድሞ ማን ያውቃል የሚለው ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ብሪታኒያ የሕንድ አስተዳደር ሹማምንቷን በግልጽ ውድድር መምረጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1855 ነበር። በወረቀት ላይ በሩ ለሕንዳውያንም ክፍት ነው። ፈተናው ግን የሚሰጠው ለንደን ነበር፤ ለግሪክና ለላቲን የሚሰጠው ነጥብም ለሳንስክሪትና ለዐረብኛ ከሚሰጠው ይበልጣል። የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሳትዬንድራናት ታጎር ያለፈው በ1863 ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የዕድሜ ጣሪያው ከ21 ወደ 19 ዝቅ አለ። ባሕር ተሻግሮ በባዕድ አገር መዘጋጀት ለሚኖርበት የሕንድ ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ፈተናው ሕንድ ውስጥም መሰጠት የጀመረው በ1922 ነው። ሕንዳዊ አይፈተን የሚል አንቀጽ አላስፈለገም። መዘጋጃውን ማራቅ በቂ ነበር። የእኛ ኃላፊ የዚያ ዘመን ሰዎች ተንኮል የላቸውም ብዬ ልመን፤ የውሳኔያቸው ውጤት ግን ከዚያ ምን ያህል ይለያል?

ፈተና ውስጥ መደበቅ ያለበት ነገር የለም አልልም። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በፊት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም በወረቀት ይሸፈን ነበር፤ አራሚው በእጅ ጽሑፉ እንዳያውቀው ደግሞ መልሱን ሌላ ጸሐፊ እንደ አዲስ ይገለብጠው ነበር። የሚጠኑት መጻሕፍት ግን የታወቁ ነበሩ። ተፈታኙ የሚያጠናውን ያውቃል፣ አራሚው የሚያርመውን ሰው አያውቅም። ያ ሥርዓት ሴቶችን ጨርሶ የዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሻር ብዙዎች ያላዘኑለት ሥርዓት ነው፤ በዚህች በአንዷ ነገር ግን ከዛሬው መሥሪያ ቤት ይበልጣል። እኛ ዘንድ የተደበቀው የይዘት ዝርዝሩ ነው፣ የተፈታኙ ስም ግን በመልስ ወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ ይጻፋል።

አስጠኚዎቹን አነሳለሁ፣ ምክንያቱም አጨብጫቢዎቹ የሚይዙት እሱን ነው። አዎ፣ ከመካከላቸው የተፈታኝን ጭንቀት የሚሸጡ አሉ። ይህን ያህሉን እቀበላለሁ። ሕንድ ጥያቄዎቿንና የይዘት ዝርዝሯን ይፋ አድርጋም የአስጠኚ ገበያው ደርቷል ትሉኛላችሁ። ደርቷል። እዚያ ግን ለአስጠኚ የሚከፍለው ያጣ ተፈታኝ ያለፉትን ጥያቄዎች በነፃ አውርዶ በራሱ መሥራት ይችላል። እዚህ ከዛሬ ጀምሮ አይችልም። ኃላፊው የአስጠኚውን ሱቅ ዘጋሁ ሲሉ ከሱቁ ፊት ለፊት የነበረውን ነፃ ማደያ ነው የዘጉት፤ አስጠኚው ቢሮአቸው ድረስ መጥቶ ቢያመሰግናቸው አይገርመኝም።

እውነተኛውን ምክንያት ልንገራችሁ? አዲስ ጥያቄ ማውጣት አድካሚ ነው። ጥሩ ጥያቄ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ሙከራ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። የአምናውን ቁጥር ለዋውጦ ዘንድሮ ለመስጠት ያሰበ መሥሪያ ቤት አሮጌው ይፋ ሲሆን ይጨነቃል እንጂ በየዓመቱ የሚሠራ ምን አስጨነቀው? ገና ያልተሰጠ ጥያቄ ይቆለፍበት፣ ማንም አይቃወምም። የተፈተንበትን ጥያቄ፣ ሺዎች በዓይናቸው ያዩትን፣ ምስጢር ነው ማለት ግን የራስን ስንፍና በተፈታኙ ጫንቃ ላይ መጫን ነው።

ቃለ መጠይቁም አለ። ሕንድ ውስጥ የመጨረሻው ውጤት ከ2025 ነጥብ ሲታሰብ የቃለ መጠይቁ ድርሻ 275 እንደሆነ ተፈታኙ ገና ሳይመዘገብ ያውቃል። እዚህ ኃላፊው በዚያው መግለጫ ላይ ድርሻውን ሲጠየቁ ወደፊት ይገለጻል አሉ። ምዝገባው ተከፍቷል፣ የምዝገባ ክፍያው እየተሰበሰበ ነው፣ ሰው የሚፈተንበትን አያውቅም፣ ፊት ለፊት የሚጠይቁት ሰዎች በስንት ነጥብ ሊጥሉት ወይም ሊያነሱት እንደሚችሉ አያውቅም። የጽሑፍ ፈተናው ቀን ከመድረሱ በፊት ሦስት ነገር በዚያው ድረ ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ የይዘት ዝርዝሩ፣ ያለፉት ዙሮች ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ የቃለ መጠይቁ ነጥብ። ሁለቱ ትናንት እዚያው ነበሩ፤ ለመመለስ ኮሚቴ ማቋቋም አያሻም።