ማኅበርማ ለፋብሪካ ሰው ነው ስንል

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሶፍትዌር ሰው ደሞዙ ደህና ስለሆነ የሠራተኛ ማኅበር አያምረውም ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ጎሮ አካባቢ ኮድ ስጽፍ 4 ዓመቴ ነው፤ ማኅበር ሲባል ቱታ የለበሰ ሰው ነበር የሚታየኝ። አምና ግን ሰርቨር ወድቆ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ አመሸሁና በማግስቱ የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ «አንተ እኮ ፕሮፌሽናል ነህ» ተባልኩ (ሙገሳ የታክሲ አይሆን!)። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኮ 10 ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል ይላል፤ አባል ስለሆንክ ብሎ ማባረርም አይቻልም። እኛ 14 ነን። ምሳ ላይ ሳነሳው ሁሉም ሽሮው ላይ አቀረቀረ። ገሚሱ ነገ የውጭ ሪሞት ሥራ አገኛለሁ ባይ ነው፤ አንዱማ «ሊቀመንበር ልትሆን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።