«ትንሽ ጨምርባት» የምትለዋ ጥበባችን

ባህር ዳር በዘንባባዋ ትመሰገናለች፣ በአሳዋ ትመሰገናለች፣ ማታ ማታ ከጣና በሚነሳው ነፋሻ አየር ትመሰገናለች፣ እሺ ይሁን። ግን እስካሁን አንድም ሰው ያላመሰገነልን ጥበብ አለችን፣ የሚያፈስ ሞተር ሳይነኩ ዘይት ብቻ እየጨመሩ የመኖር ጥበብ። ስሟ «ትንሽ ጨምርባት» ይባላል። መካኒክ አትፈልግም፣ መፍቻ አትፈልግም፣ አንድ ጀሪካንና ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ካለህ በቃ ተመርቀሃል። ዛሬ እንግዲህ ወጉ ይድረሳት ብዬ ነው የተነሳሁት፣ ማስረጃዬ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ የአጎቴ ትራክተር ናት።

አጎቴ ሐሙሲት አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ተዋጥተው ያገለገለች ትራክተር ገዙ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ብራንዷን አልጠራም ምክንያቱም ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሊገዙ የሄዱ ቀን እኔም አብሬ ነበርኩ። ሞተሯ በናፍጣ ታጥባ እንደ ሙሽራ ታበራለች፣ አንዲት የዘይት ጠብታ የለ፣ አቧራ የለ፣ ሃያ ምናምን አመት ያረሰች ትራክተር እንዴት አቧራ አይኖራትም ብሎ የጠየቀ ሰውም የለ። ደላላው «እዩዋት እንጂ፣ ንጹህ ናት» ይላል። የኛ ሰዎች ምርመራቸውን ጀመሩ፣ አንዱ ጎማውን በእግሩ መታ፣ አንዱ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ትንሹ አጎቴ ጡሩንባዋን ነካት፣ ጮኸች። ጡሩንባዋ ከሰራች ምን ቀረ፣ ተገዛች። ሞተሯ ከመምጣታችን በፊት ለምን ሞቃ እንደቆየች እንኳ የጠየቀ የለም፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ እኮ ነው ጉዱ የሚታየው፣ ጭሱም ኳኳታውም፣ ግን እንዲህ አይነት ጥያቄ መጠየቅ በኛ አገር ሻጩን መስደብ ነው።

ታጥቦ ጭቃ የሚባለው በሁለተኛው ቀን መጣ። ጥዋት ስንነሳ ከስሯ መሬት ላይ የስኒ አፍ የምታክል ጥቁር ክብ ተገኘች። በሳምንቱ ክቧ ሳህን አከለች። ከወር በኋላ ምጣድ። አክስቴ እንጀራ ጋጋሪ ስለሆኑ መጠኑን የሚለኩት እሳቸው ነበሩ፣ «ዛሬስ ምጣዱን አልፋለች» ይላሉ በሩ ላይ ቆመው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሸንጎው ነገር። እኛ ጋ አንድ ነገር ከተበላሸ መካኒክ ሳይጠራ በፊት መንደሩ ይጠራል፣ ይሄን የመሰለ ዲሞክራሲ የትም የለም። አንዱ «ወፍራም ዘይት አድርጉባት፣ የካምቢዮ ዘይት ቀላቅሉበት» አለ፣ አንዱ «ሲሊኮን ቀቡት» አለ፣ አንዱ ሳሙና አለ (ሳሙና ለሚያፈስ የናፍጣ ታንከር ነው፣ ግን ሀሳቡ ተመዘገበ)። ሹፌሩ ግን ሁሉንም ዘጋቸው፣

«ጋሼ አንቱ ደግሞ፣ ትራክተር ካላፈሰች እኮ ዘይት የላትም ማለት ነው!»

ሁሉም ሳቀ፣ አጎቴም ሳቁ፣ ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ፣ ትንሽ ጨምርባት።

እኔ ደግሞ ከተሜ ነኝ ብዬ አላርፍ አልኩና ከባህር ዳር አንድ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ተንጋሎ ስሯ ገባ፣ ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ በታች፣ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው) ካለበት ቤት ስር፣ አንዲት የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አሳየን። ይቺ ቀዳዳ አውቀው የተዋት ናት አለን፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት በአንድ በኩል የሞተሩ የኋላ ሲል፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት ማለት ነው፣ አለ፣ በሌላ በኩል የካምቢዮው የፊት ሲል፣ ሁለቱ መሀል ፍሪሲዮን ደረቅ ሆኖ መኖር አለበት፣ አንዱ ሲል ከደከመ ዘይቱ በቀዳዳዋ ወጥቶ ለባለቤቱ ይናገራል። በጣቱ ጠረግ አድርጎ አሸተተ፣ ጥቁር ነው ቀጭን ነው፣ የሞተር ነው አለ። መፍትሄው ሲሉን መቀየር። ሲሏ የሻይ ሳህን ብታክል ነው፣ የላስቲክ ቀለበት፣ ችግሩ እሷ ጋ ለመድረስ ትራክተሯ ከወገቧ ለሁለት ተከፍላ፣ ፍሪሲዮኑ ወርዶ፣ ፍላይዊሉ ወርዶ ነው፣ ሁለት ቀን ስራ። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ አጽዱ አለ፣ እሱ በጭቃ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ሲያጣ አዲሱንም ሲል ገፍቶ ያስፈሰዋል።

አጎቴ ሰሙ ሰሙና «ለዚች ቀለበት ብዬ ትራክተሬን ለሁለት ልቁረጣት? ያውም በግንቦት?» አሉ። ግንቦት ማለት ሰው ሁሉ ለሩዝ መሬቱን የሚያሳርስበት፣ ስልክ የሚጮህበት፣ ሰአት ብር የሆነበት ጊዜ ነው፣ እውነታቸውን ነው። መካኒኩ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። የተናገረው ሁሉ ግን በከንቱ አልቀረም፣ አንዲት ነገር ቀረች፣ ቀዳዳዋ የት እንዳለች ሁሉም ሰው አወቀ።

እና ወተፏት።

በቃ ይሄን ነው ማድነቅ። የግራር ጫፍ ተጠርቦ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በድንጋይ ሁለት ጊዜ ቷ ቷ ተደረገ፣ ፍሳሹ ቆመ። በማግስቱ መሬቱ ደረቅ ነው። አክስቴ ቡና አፈሉ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ «መካኒኩ ሁለት ቀን ያለውን በሁለት ደቂቃ» ተባለ፣ እኔን አዩኝና ፈገግ አሉ። በአራተኛው ቀን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ያ መረሬ አፈር ማረሻውን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው፣ ሞተሯ ታገሳለች ጎማው ግን አይዞርም። የተቃጠለ ሽታ መጣ። ሸንጎው ወዲያው ውሳኔ ሰጠ፣ «ዘንድሮ አፈሩ ከበደ»። መውጫ ያጣው ዘይት እዚያች ቤት ሞልቶ ፍሪሲዮኑን እያጠበው መሆኑን ያወቀው ግራሩን የነቀለው ልጅ ነው፣ ፊቱ ላይ ፈሰሰበት።

ስለዚ ተመለስን ወደ ጥንቱ፣ ትንሽ ጨምርባት። ጥዋት አንድ ጣሳ፣ ከሰአት ግማሽ ጣሳ፣ ሐሙሲት ከተማ ያለው ዘይት ሻጭ አጎቴን ሲያይ ወንበር ማቅረብ ጀመረ። እሳቸው ሂሳብ ሲሰሩ «ሲሉን ማስቀየር ብዙ ብር ነው» ይላሉ፣ የዘይቱ ብር ግን ብር አይደለም፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣ ገንዘብ እኛ አገር ወጪ አይባልም።

ደግሞ ቀይ መብራቷ አለች። የዘይት ግፊት ሲወርድ ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ የምትለው። ሞተሯ ስትሞቅና ቀስ ብላ ስትዞር ትበራለች፣ ጋዝ ሲሰጣት ትጠፋለች፣ ሹፌሩ «አይኔን ወጋችኝ» ብሎ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈባት። እኔ መቼም እንዲህ ያለ ቆራጥነት አይቼ አላውቅም። ሀኪም «ደምህ ከፍ ብሏል» ሲለው መለኪያውን የሚሰብር ሰው ቢኖር እንኳን ቢያንስ ሀኪም ጋ ሄዷል።

አሁን ወደ ተአምሩ ልምጣ፣ የጽሁፉ ዋና ምክንያት እሱ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ ጥዋት ሹፌሩ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘ፣ ሞልታለች። ማታ አልጨመረም። በማግስቱ መዘዘ፣ ሞልታለች። በሶስተኛው ቀን ከላይኛው መስመር አልፋ ተገኘች፣ ከስር ግን ምጣዱ እንዳለ ነው፣ ማለት ታፈሳለች ግን አትጎድልም! አጎቴ አምላካቸውን አመሰገኑ። መንደሩ «የጋሼ ትራክተር ዘይት ወለደች» አለ። ረዳቱ ልጅ ብቻ፣ አስራ ስድስት አመት ቢሆነው ነው፣ ዘንጉን ወደ አፍንጫው አስጠጋና «ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል እኮ» አለ።

«ትራክተር ምን እንዲሸትህ ፈለክ? ሽቶ?» አለው ሹፌሩ።

ልጁ ዝም አለ። ነገሩን መካኒኩ በኋላ ሲከፍተው ነው ያየነው፣ ከታንከር ናፍጣ እየሳበች የምታቀብለው ፓምፕ በሞተሩ ጎን ተለጥፋ ነው ያለችው፣ ውስጧ አንዲት ስስ ሽፋን አለች፣ እሷ ስትቀደድ ናፍጣው ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፣ ከዘይቱ ጋ ይቀላቀላል። መለኪያው ሙሉ ያሳያል፣ ዘይቱ ግን እንደ ውሃ ቀጥኗል፣ ብረትና ብረት መሀል ገብቶ መለየት አይችልም። ሙሉ መለኪያ ያላት ዘይት የሌላት ትራክተር ማለት ነው። ያኔ እኮ ባህር ዳር ውስጥ ሰው ጀሪካን ይዞ ለናፍጣ ተሰልፎ ይውላል፣ የኛዋ ግን በሆዷ ታጠራቅማለች። ፎገራ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለን፣ የሚቀረን ያለ ጥሬ እቃ ዘይት የሚወለድበትን የሚያጠና ማዕከል ብቻ ነበር።

በዚህ የደስታ ሰሞን ትራክተሯ እሁድ እሁድ ጉማራ ወንዝ ትወርድ ነበር፣ ለመታጠብ። ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይዘረጋል፣ ያምራል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ ጉማራ ደግሞ ይዞት ጣና ይገባል። ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ እምቦጭ ሀይቁን ሲወር ስንት ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደኖረ እናውቃለን፣ እኛ ደግሞ ከላይ ሆነን ቅባት እየላክንለት ነበር። አንድ ቀን ለእቃ ባህር ዳር መጥታ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግራለች፣ 380 ሜትር ሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጠብጣብ አስምራው ነው የሄደችው፣ የመንገድ ቀለም ቀቢ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አያሰምርም።

ሀምሌ መግቢያ ላይ፣ ወረታ ሳይደርስ፣ መጀመሪያ ቋ ቋ ቋ የሚል ድምጽ መጣ። ሹፌሩ ድምጹን ላለመስማት ሬዲዮ ከፈተ (እውነቴን ነው፣ ራሱ ነው የነገረኝ)። ከዛ ድምጹ ቆመ፣ ሞተሯም ቆመች፣ ነከሰች፣ ማለት ብረት ከብረት ተያይዞ አልዞር አለ። ሻፍቱ የሚዞርበት ብሮንዚን ተልጦ፣ ሻፍቱም ተጭሮ፣ ጥፍር የሚያስገባ መስመር አውጥቷል። ሁለት ቀን ያልተሰጣት ትራክተር ሁለት ወር ሙሉ ሰው ማሳ ላይ በዝናብ ቆመች፣ ጭሰኛ ሆና ማለት ነው፣ ዶሮ ማደሪያዋን ወንበሯ ስር አደረገች። የቀረውን ማሳ በሬ ጨረሰው፣ ጥቁርና ነጭ የፎገራ በሬ፣ ከስሩ የሚጥለው ነገር ቢኖር ለአፈሩ ይጠቅማል።

አጎቴ አሁንም መንፈሳቸው አልተሰበረም። «ሞተሩን ከማሰራት መሸጥ ይሻላል» ብለው ወሰኑ፣ ሸንጎው አጸደቀ። ያው ደላላ ተጠራ፣ አዎ ያው እራሱ፣ እንደ ቤተ ዘመድ ሆኗል። ሞተሯ በናፍጣ ታጠበች፣ ኮፋኖው ተቀባ፣ ፕላስተሩም ከመብራቷ ላይ ተነሳ። ሆዷ ውስጥ ያለው ድብልቅ ተቀድቶ ለጎረቤት አጥር እንጨት መቀቢያ ተሰጠ፣ ምስጥ ይከላከላል ተብሎ።

ባለፈው ቅዳሜ ገዢዎች መጡ፣ ከደንቢያ በኩል ነው መሰለኝ፣ ሶስት ወንድማማቾች። ደላላው «ሞተሯ ትንሽ ስራ ትፈልጋለች እንጂ ንጹህ ናት፣ ለዛም ነው የረከሰችው» አላቸው። ታላቅየው ጎማውን በእግሩ መታ። መሀለኛው ወንበሩ ላይ ወጣ። ትንሹ ብልጥ ነው፣ ተንበርክኮ ከስር ገባ፣ ያቺን ቀዳዳ በጣቱ ጠረጋት፣ ጣቱን አየው፣ ለወንድሞቹም አሳያቸው።

«ደረቅ ነው» አለ፣ «ጠብታ የላትም።»

ሹፌሩን አየሁት፣ ወደ ጣና ዞሮ ሰማዩን ያያል። ታላቅየው ጡሩንባዋን ነካት።