ታጥቦ የማይተርፍ ትራስ ለምን ትሸጡልናላችሁ?

ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልኩም። "በእጅ የተሠራ" እየተባለ የሚሸጥልን የስቴንስል ትራስና መጋረጃ ነገር አንገሽግሾኛል።

ስቴንስል ለማታውቁት፦ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ላይ ቅርጹ ተቆርጦ ይወጣል። ጨርቁ ላይ ይነጠፍና በቀዳዳው ቀለም ይመታል። በቃ። እኔ ለቤቴ ስሠራ ያረጀ የራጅ ፊልም ነው የምጠቀመው። በምላጭ ደስ ሲል ይቆረጣል፣ ውሃም አያበላሸውም። አቡጀዲ ላይ የጥለት ዓይነት ጠርዝ አወጣበትና የጠረጴዛ ልብስ ይሆነኛል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ በደንብ ከተሠራ ደግሞ ዓመታት ይቆያል። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ሥራ ስሙ እየጠፋ ነው።

አክስቴ ለፋሲካ ብላ የትራስ ልብስና መጋረጃ በቴሌግራም አዘዘች። ብሩ ቀድሞ ተላከ። ዕቃው ሲመጣ በእውነት ዓይን ይስባል፤ ነጭ ላይ ቡኒ ሐረግ፣ መጋረጃው ላይ ደግሞ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ጽሑፍ። በዓሉ አለፈ። ወጥ ነካው፣ ቡና ፈሰሰበት፣ አጠበችው። በእጇ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠንክራ እንኳን ሳታሽ። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላቀቀ ሳፋው ላይ ተንሳፈፈ።

የተረፈውን በጣቴ ዳሰስኩት። ድርቅ ብሏል። ጨርቁን ስታጥፉት ይሰነጠቃል፣ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። ይሄ የጨርቅ ቀለም አይደለም፤ የግድግዳ ቀለም ነው። የግድግዳ ቀለም የተሠራው ለማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይጨመቃል፣ ይተኮሳል፣ ሰው ይደገፈዋል። የጨርቅ ቀለም ከክሩ ጋር ተያይዞ አብሮ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን ሻጩ አያውቅም ማለት ይከብደኛል።

ደወልንለት። "እህቴ፣ የእጅ ሥራ እኮ ነው፣ መታጠብ የለበትም" አለን።

መታጠብ የሌለበት የትራስ ልብስ ምን የሚሉት ነው? በየቤታችን ቡና ይፈላል። ልጅ በቅቤ እጁ ሶፋ ላይ ይወጣል። እንግዳ ይመጣል፣ አቧራ ይገባል። ካልታጠበ ምን ሊሆን ነው? ደግሞስ እንደማይታጠብ ብሩን ከመቀበልህ በፊት ለምን አልነገርከንም?

የእጅ ሥራ አይታጠብም ያለውም ማነው? ናይጄሪያ አቤኦኩታ ያሉ የዮሩባ ባለሙያዎች አዲሬ የሚባለውን ጨርቅ ሲሠሩ ከቆርቆሮ በተቆረጠ ስቴንስል የካሳቫ ሊጥ ይቀቡበትና ኢንዲጎ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ውስጥ ይነክሩታል። ሊጡ ያረፈበት ቦታ ሰማያዊውን አይቀበልም፣ ቅርጹ ነጣ ብሎ ይወጣል። ያም የእጅ ሥራ ነው። ይለበሳል፣ ይታጠባል።

ሻጮቹ ሲሠሩ የሚዘሉት ነገር ደግሞ ከባድ አይደለም። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች ይዞ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ካልታጠበ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሳይገባ ላይ ላዩን ይቀራል። ብሩሹ ላይ ቀለም መብዛት የለበትም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች መምታት። ከተጎተተ ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር ይገባና ጠርዙ ይበላሻል። ሲደርቅ ደግሞ ካውያ። ብዙው የጨርቅ ቀለም ውሃ የሚችለው በሙቀት ሲያዝ ነው። ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ያለ እንፋሎት፣ በጀርባው በኩል ጥቂት ደቂቃ መተኮስ። ለእያንዳንዱ ትራስ ጥቂት ደቂቃ! እሷን ነው የነፈጉን።

ፊደሉንም ልናገር፣ ከነካሁት አይቀር። መ ሁለት ክብ አላት። ስቴንስል ሲቆረጥ ክቡ ውስጥ ያለው ቁራጭ ወድቆ እንዳይቀር በቀጭን ድልድይ ከውጪው ጋር መያያዝ አለበት። ወ፣ ዐ፣ ቀም እንደዚያው። የአክስቴ መጋረጃ ላይ "መጣችሁ" የሚለው መ ሁለት ድፍን ቡኒ ነጠብጣብ ነው። ፊደላችንን እንዲህ አድርጎ ሰው ቤት መስቀል ያሳዝናል። ሁለት ሚሊ ሜትር ድልድይ ቢተውለት ቁጭ ብሎ ይነበብ ነበር።

ጥፋቱ ሁሉ የሠሪው ነው እያልኩ አይደለም። መርካቶ ስሄድ "የጨርቅ ቀለም ነው" ተብሎ ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ተሰጥቶኝ ያውቃል። ለጥጥ ይሁን ለፖሊስተር፣ ይተኮስ አይተኮስ፣ የሚነግራችሁ የለም። ጥሩው ቀለም ውድ ነው ካላችሁ ዋጋውን ጨምሩና ንገሩን። ሰው ለሚቆይ ነገር ይከፍላል። አክስቴም ትከፍል ነበር።

ስለዚህ የምትሸጡ ሰዎች፣ ፎቶው ሥር ሦስት ነገር ጻፉልን፦ ጨርቁ ምንድን ነው፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ እንዴት ይታጠባል። አንድ ትራስ አጥባችሁም ከታጠበ በኋላ ያለውን ፎቶ አሳዩን። የምትገዙም ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን ፎቶ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትክክለኛ የጨርቅ ቀለም፣ የአጠቃቀም መመሪያው ያለበት፣ በትንሽ በትንሹ የሚሸጥበትን የምታውቁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የአክስቴን መጋረጃ እንደገና ልሠራላት ነው።