በገንዘብ ሲተመን

ሀብታም መሆናችንን የሰማነው ባለፈው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዋርካው ሥር ነው። የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ ወረቀቱን ገልጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዘንድሮ በተፋሰስ ሥራ ላይ ያፈሰስነው ጉልበት «በገንዘብ ሲተመን» ይህን ያህል ሚሊዮን ብር መሆኑን አበሰረን። አጠገቤ የተቀመጠውን ጎረቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። የጫማው ተረከዝ ተበልቶ አልቋል። እንዲህ ያለ ሀብት ደብቆ ይኖራል ብዬ ጠርጥሬው አላውቅም።

«ሲተመን» የምትባለውን ቃል መጀመሪያ ያገኛት ሰው ሐውልት ይገባዋል። የመሠረት ድንጋዩ ብቻ ቢቀመጥለትም ይበቃል፤ በእኛ አካባቢ ከድንጋዩ አልፎ የሄደ ብዙ ነገር ስለማይታወቅ አይከፋውም።

አሠራሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ጥር ላይ እህሉ ጎተራ እንደገባ ዶማና አካፋችንን ይዘን ተራራ እንወጣለን፤ እርከን እንሠራለን። መዝጋቢው ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና የወጣነውን ይቆጥራል። አንድ ሰው አንድ ቀን ሲውል አንድ «የሰው ቀን» ይባላል። የሰው ቀኑ ተደምሮ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ይባዛና ብር ይሆናል። ብሩ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ወረዳ ከሌሎች ቀበሌዎች ብር ጋር ይደምረዋል፤ ዞንም ይደምራል፤ ክልልም ይደምራል። በመጨረሻ በዜና ሲነገር እኛ ራሳችን ከሰው እኩል «እሰይ!» እንላለን፣ የእኛው ወገብ መሆኑን ዘንግተን።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ እርከኑን ይዞት ይወርዳል። ታዲያ ምን ችግር አለው? በሚቀጥለው ጥር እዚያው ተራራ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ እርከን እንሠራዋለን፤ እንደገናም ይተመናል። ምድራችን ለምነቷን አጥታለች የሚሉ ባለሙያዎች ይህን አላዩም። በየዓመቱ ሳይታረስና ሳይዘራ ሚሊዮን የሚሰጥ ተራራ ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

የዱሮ ሰዎች ይህን ጥበብ አያውቁም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ቢያንስ 20 ጋሻ መሬት ይኑረው ይል ነበር። ጋሻ! ገመድ ጥለህ የምትለካው፣ ቆመህ የምትረግጠው ነገር። አሁን ግን ቀበሌ የሚለካው በመቶኛ ነው፤ በመቶኛው ደግሞ ከ90 ወርደን አናውቅም። ሰብል ሲጠፋም፣ ድልድይ ሲወድቅም፣ እኛ ከ90 በላይ ነን።

ሥራው ሁሉ በበጎ ፈቃድ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ ነውር ነው። በጎ ፈቃዳችን በውስጠ ደንብ የተደነገገ ነው። ሥራ ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። ቅጣቱ ታዲያ በገንዘብ ሲተመን አይደለም፤ በገንዘብ ነው።

ስለ ውኃም እንነጋገር፤ የቀበሌያችን መኩሪያ እሱ ነውና። የእጅ ፓምፓችን ዙሪያውን በእንጨት ታጥሯል። በሩ ላይ የረዳን፣ ያስተባበረን፣ የተቆጣጠረን ሁሉ ስሙ የተጻፈበት የብርቱ ቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው ከፓምፑ ስለሚበልጥ ቀትር ላይ ጥላው ለጥጆች ይተርፋል። ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የመንደር ሰው በአንድ ቁልፍ ብቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ። ቁልፉ አልጠፋም፤ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ሥልጠና ላይ ነው። የጎደለችው በውስጡ ያለች አንዲት የተበላች ጎማ ናት። ውኃው ከቆመ ሰነበተ።

ይህን ሰምተው የውኃ ሽፋናችን ቀንሷል ብለው የሚያስቡ ካሉ ተሳስተዋል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የወጣው መለኪያ በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲያገኝ ነው የሚለው። ፓምፑ ከሁላችንም ቤት በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ሊትሩ አልፎ አልፎ ያስቸግራል እንጂ ርቀቱ እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።

በመንደሩ መግቢያ ላይ ደግሞ «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ የሆነ ቀበሌ» የሚል ሌላ ሰሌዳ አለን። ሰፊ ነው። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ከኋላው ጥሩ ከለላ ይሆናል።

ወደ ዋርካው ልመለስ። ሪፖርቱ እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙን ሰምቶ የሚሄድ አለ፣ ወርቁ የገባው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። «ተጠናክሮ ይቀጥላል» ሲባል ገና አልተጀመረም ማለት ነው። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ከተባለ ገንዘቡ የለም። «አበረታች ውጤት ታይቷል» የተባለ ጊዜ ግን ማን እንዳየው መጠየቅ አይገባም። እኛም አልጠየቅንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በእኛ ዘንድ ይህ ተፈጻሚ ሆኗል። «የምትደግፉ» ሲባል እጃችንን የፈለግነው ከፍታ ድረስ ማውጣት እንችላለን።

አውጥተን ሳናወርድ አንዲት እናት ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። ባዶ ጀሪካናቸው እግራቸው ሥር ነው።

«ልጄ፣ ቅድም የነገርከን ብር የት ነው የተቀመጠው?»

«እማማ፣ ብር እኮ አይደለም። ጉልበታችሁ በገንዘብ ሲተመን ነው።»

«ጉልበቱስ የእኔ ነው?»

«እንዴታ! የእርስዎ ነው እንጂ።»

«እንዲያ ከሆነ ለማዳበሪያ ክፈይ ያላችሁኝን ከእሱ ላይ ቀንሱልኝ።»

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሳቁ መቼ እንደሚቆም ለማየት ሰዓቱን ተመለከተ። ሥራ አስኪያጁ ግን የሠለጠነ ልጅ ነው፤ አልተናደደም። «እማማ፣ ያነሡት ሐሳብ ገንቢ ነው፤ በግብዓትነት እንወስደዋለን» አላቸው። ወሰዱት። የት እንዳደረሱት አላውቅም።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ኅብረተሰቡ በነቂስ ወጥቶ ንቁ ተሳትፎ አድርጓል» ተብሎ ሰፈረ። ስንበተን አስፈረሙን። ፊርማው ለምን እንደሆነ መዝጋቢውን ጠየቅሁት።

«ከጧት እስከ ቀትር ተቀምጣችኋል አይደል፤ ይተመናል» አለኝ።

እኒያ እናት መፈረም ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጀሪካናቸውን አንሥተው በፓምፑ አጥር ጥግ አልፈው ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረዱ። ደርሶ መልሱ ጥሩ የሰው ቀን ይወጣዋል። መዝጋቢው ግን አይመዘግበውም፤ የውኃ ሽፋናችንን ያበላሽበታል።